ሳላመሳክር አላስረክብም

ጠበቃ ኤልሻዳይ ሲደውል ፀጋ መኪናዋን ከበረዶ ቆፍራ በማውጣት ላይ ነበረች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

«አልፈርምም አለች።»

«ማን?»

«ኢብሲቱ ናታ። የኮምፒውተር ጠጋኙ የክፍሌ ሠራተኛ። አቃቤ ሕጉ ‹ተጣልተን ገፋሁት፣ ልገድለው አላሰብኩም› ብለሽ ፈርሚ፣ ቅጣቱ ይቀልልሻል ብሏታል። እስከ ሰኞ ነው ጊዜ የሰጡን። እሷ ግን እንቢ።»

«ገፍታዋለች?»

«አልገፋሁም ነው የምትለው።»

«ታዲያ ምን ብላ ትፈርም?» አለች ፀጋ፤ አካፋውን በረዶው ላይ ሰክታ። «መጣሁ።»

ፀጋ አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ፖሊስ ነበረች። ሴንት ፖል ከመጣች ወዲህ የምትመረምረው ለተከላካይ ጠበቆች ነው። ሥራው ያው ነው፤ የተለወጠው ወገኑ ነው። ችኩል ሰው አትወድም። ችኩል ፖሊስ፣ ችኩል ዳኛ፣ በተለይ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ ፈርሚና ተገላገዪ» የሚል ሰው ደሟን ያፈላዋል። የኔንም ያፈላዋል፤ ስለዚህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሌ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ባቡሩ ከሚቆምበት ፊት ለፊት፣ የተበላሸ ሀርድ ዲስክ የሚያክምበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። የሠርጉ ቪዲዮ የጠፋበትም፣ የልጁ ፎቶ አልከፈት ያለውም ወደ እሱ ነበር የሚሮጠው። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ምሽት ላይ ስልክ አላነሳ ሲላት ባለቤቱ አይዳ ወደ ሱቁ መጣች፤ ወደ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ግርጌ ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ አገኘችው። የሸሚዙ ቁልፎች ተበጥሰው ላይኛው ደረጃ ላይ ተበትነው ነበር። አንድ ሰው ሸሚዙን ጨምድዶ ይዞት ነበር ማለት ነው። ያን ቀን ሱቁ ውስጥ አብራው የዋለችው ኢብሲቱ ናት፤ ሲጨቃጨቁም ጎረቤት ሰምቷል። ፖሊስ ይኼ ይበቃል አለ።

ኢብሲቱ በዋስ ወጥታ ቤቷ ተቀምጣለች። ልጇ ፋዮ ሶፋው ላይ ተጋድማ ታብሌቷን ትነካካለች። ፀጋ ኮቷን ሳታወልቅ ጠየቀች።

«ተጨቃጭቃችኋል?»

«በደንብ ነዋ። አልክድም፣ እትዬ።»

«በምን ጉዳይ?»

«በኮፒ ምክንያት።» ኢብሲቱ የፀጋን ፊት አይታ ማብራራት ጀመረች። «ጋሽ ክፍሌ ደንብ አላቸው። የደንበኛ ዲስክ ሲመጣ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ምስል ያነሳሉ። ባዶው ቦታ እንኳ ሳይቀር ሁሉም ተገልብጦ አንድ ትልቅ ፋይል ይሆናል። ያንን ፋይል ኢገን ከተማ ወዳለው ወደ አለልኝ ማሽን ይልኩታል። አለልኝ ሸሪካቸው ነው፤ ቤቱ ሆኖ የጠፋውን ከኮፒው ላይ ፈልጎ የሚያወጣው እሱ ነው። ሥራው ሲያልቅ፣ ጋሽ ክፍሌ ዲስኩን ለባለቤቱ ከመመለሳቸው በፊት፣ እዚህ ያለውን ምስልና ኢገን ያለውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያመሳክራሉ። ‹ሳላመሳክር አላስረክብም› ይላሉ። ሁለቱም ማሽኖች ያን ሁሉ ማንበብ ስላለባቸው ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። እኔ ‹ቆሟል እኮ፣ ይቁረጡት፣ ስንት ሰው ወረፋ ይጠብቃል› አልኳቸው። እሳቸው ‹አልቆመም፣ እያነበበ ነው› አሉኝ። ጮህኩ፤ እሳቸውም ጮሁ። ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ስወጣ በሕይወት ነበሩ።»

«አቋራጭ መንገድ የለውም?»

«አለው እንጂ። ዝም ብለው ከለቀቁት ፕሮግራሙ የሚያየው የፋይሉን መጠንና ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ አንድ ናቸው ብሎ ያልፋል፤ ወዲያው ያልቃል። ጋሽ ክፍሌ ግን ይህን አይወዱትም። ‹መታወቂያ ብቻ አይቶ ሻንጣ ሳይፈትሹ እንደ ማሳለፍ ነው› ይሉ ነበር።»

«የማን ዲስክ ነው ታዲያ እንዲህ ያጨቃጨቃችሁ?»

«የዋቁማ። አጠገባችን ጎማ ቤት አለው። ከበሩ ካሜራ ላይ የወጣ ዲስክ ነው። ወንድሙን ሙሊሳን እዚያው በር ላይ መኪና ገጭቶት አመለጠ። ካሜራው ቀርጾ ነበር፤ ግን ዲስኩ ተበላሸ።»

«ምስሉ ወደ ኢገን መጀመሪያ የተላከው መቼ ነው?»

«ከመሞታቸው በፊት በነበረው ሳምንት። እንዴት እረሳዋለሁ፤ ኢንተርኔቱን ጠቅልሎ ይዞት የካርድ ማሽኑ እንኳ እንቢ ብሎን ነበር።»

«ረቡዕ ዕለትስ?»

ኢብሲቱ አሰብ አደረገች። «ረቡዕ ካርዱ እሺ ብሎ ነው የዋለው።»

ፀጋ ይህን በልቧ ያዘችና ኮቷን አወለቀች። «ጠበቃሽ ብትፈርሚ ይሻልሻል ይላል።»

«ያለኝ ግሪን ካርድ ነው፤ ከእስር ስወጣ ከልጄ ለይተው ያባርሩኛል። እሱንስ ይሁን ልበል። ግን ፋዮ እናቷ ሰው ገድላ ፈረመች ሲባል ትሰማለች። ሰውየው እኮ ይህን ሥራ ከምንም ተነስተው ያስተማሩኝ ናቸው። ያልሠራሁትን ሠራሁ አልልም። ከፈለጉ ይፍረዱብኝ እንጂ እኔ በራሴ ላይ አልፈርድም።»

«ሺ ኢዝ ኖት ሳይኒንግ» አለች ፋዮ፣ ከታብሌቷ ቀና ሳትል። አትፈርምም ማለቷ ነው። ሦስተኛ ክፍል ናት፤ እናቷ በኦሮምኛም በአማርኛም የምትነግራትን በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ፀጋ ልጅቷን ወደደቻት።

ዋቁማ ጎማ ቤቱ ውስጥ ጎማ እያገላበጠ ተቀበላት። ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ የተቆጣ ሰው ነው። ኤልሻዳይ በመንገድ ላይ «እኔ እሱን ነው የምጠረጥረው፣ ቁጡ ነው አሉ» ብሏት ነበር። ፀጋ ግን ቁጡ ሰው ደስ ይላታል፤ ብዙ ያወራል።

«የሰማሁትን ለፖሊስ ተናግሬያለሁ» አላት ገና ከበሩ። «ጮኸችበት። ከዚያ ሞተ። ምን ቀረ?»

«አቶ ዋቁማ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ቴሌቪዥንዎ ልጠይቅዎ ነው።»

ዋቁማ ጎማውን ለቀቀው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሏል።

«ኢንተርኔቱ የክፍሌ ነው አይደል?»

«አዎ። እኔ ጎማውን አይለታለሁ፣ እሱ ዋይፋይ ይለቅልኛል። ጎረቤት አይደለን? ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ግን እየተቆራረጠ ስላስቸገረኝ ግድግዳውን ስደበድብ ነው የዋልኩት። ስደበድብ እሱ ከወዲያ በኩል ሁለቴ ይመታልኛል። ታገሥ ማለቱ ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ነው የምንነጋገረው።»

«ረቡዕ ኳስ አላዩም?»

«እንዴት አላየሁም። እንደ ውሃ ነበር የሚፈስሰው፣ አንዴ እንኳ አልተንገራገጨም። ከዚያ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ኳሷን ሲያስቀምጥ ድርግም። ጭራሽ ጠፋ። ግድግዳውን ደበደብኩ፤ ሁለቴ መለሰልኝ። ተናድጄ አየር ልቀበል ወደ ውጭ ወጣሁ። ኢብሲቱን ያየኋት ያኔ ነው፤ ጣቢያው ላይ ፊቷን አጥቁራ ባቡር ትጠብቃለች። ይህንንም ለፖሊስ ነግሬያለሁ።»

ፀጋ ከስክሪኑ ወደ ግድግዳው ዞረች። «እስቲ ይድገሙልኝ። መጀመሪያ ግድግዳውን መቱ፣ ክፍሌ መለሰልዎ፣ ከዚያ ወዲያው ወጡና ጣቢያው ላይ አዩአት?»

«አዎ አልኩሽ እኮ።»

«ስለ ግድግዳው ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ግድግዳ መምታት ደግሞ ወሬ ነው? ‹ጭቅጭቅ ሰምተሃል ወይ፣ ስትወጣ አይተሃል ወይ› አሉኝ፤ አዎ አልኩ።»

«ኢንተርኔቱስ መቼ ተመለሰ?»

«ጨዋታው ካለቀ ከቆየ በኋላ ነው። ማን እንዳሸነፈ ከደንበኛ ነው የሰማሁት።»

ዋቁማ የተናገረውን ራሱ አልሰማውም። አትፍረዱበት፤ ስምንት ቀን ሙሉ ጎረቤቱን ገደለች ብሎ ሲረግማት የኖረ ሰው ነው። ፀጋም ገና አልነገረችውም።

«ስለ ካሜራው አለልኝ ምን አለዎት?»

«ዲስኩ የተጎዳው ልክ ሙሊሳ የተገጨበት ሰዓት ላይ ነው፣ ያ ሰዓት የለም አለኝ። ክፍሌ ግን ‹ቆይ፣ ሳላመሳክር አላስረክብም› አለኝ። አሁን ክፍሌም የለም፣ ዋናው ዲስክም ከሱቁ ጠፍቷል። ሙሊሳ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ቆሞ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ በክራንች ሽንት ቤት ይሄዳል።» ዋቁማ ይህን ሲል ድምፁ ወረደ።

አለልኝ ኢገን ውስጥ ጥሩ ቤት አለው። ፀጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው መኪናውን ነው። የኪራይ መኪና በረዶ ተከምሮበት ደጅ ቆሟል፤ ሰፊው ጋራዥ ደግሞ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ሚኒሶታ ውስጥ በጥር ወር ጋራዥ እያለው መኪና ደጅ የሚያሳድር ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ምክንያት አለው። አለልኝ ሰነፍ አይመስልም፤ ጫማውን እንኳ በመስመር ነው የደረደረው።

«ጋራዥዎ ሞልቶ ነው?»

«ዕቃ ነው፣ ወይዘሮ ፀጋ። የሰው ቤት ጉድ አያልቅም።» ሻይ አቀረበላት። ስለ ክፍሌ ሲያወራ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እውነተኛ እንባ ነበር። «ወንድሜ ማለት ነው። ልጅቷም ክፉ አይደለችም፤ ንዴት ነው። ብትፈርም ለእሷም ይሻላት ነበር።»

«ረቡዕ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የዋቁማ ዲስክ ኮፒ ችግር ነበረበት፤ ክፍሌ ምስሉን እንደ አዲስ አንስቶ ከዜሮ ይልክልኝ ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ፋይል መቼም ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ሲገባ ሳይ ነው የዋልኩት።»

«መሐል ላይ አልተቋረጠም?»

«አንዴም። እስኪያልቅ ድረስ አልተነሳሁም።»

«ክፍሌ ደውሎልዎ ነበር፤ ስልኩ ላይ አለ።»

«አዎ፣ ዘገየ ብሎ ሲያማርር ነው።»

ፀጋ ሻይዋን ጨረሰች። «እሑድ ሱቁ ውስጥ ሁላችንም ባለንበት ሁለቱን ምስሎች ብናመሳክራቸው ቅር ይልዎታል?»

አለልኝ ፈገግ አለ። «ለምን ቅር ይለኛል? አንድ ናቸው። ማሽኔን ሳላጠፋው እመጣለሁ።» ከልቡ ነበር ያለው፤ ፀጋንም የገረማት ይኸው ነው። ወደ ሴንት ፖል ድራይቭ እያደረገች ስታስበው ቆየችና ድንገት ሳቀች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠባቡ ሱቅ ውስጥ ተሰበሰቡ። አይዳ ጥቁር ለብሳ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ኢብሲቱን ላለማየት ፊቷን አዙራለች። ዋቁማ እጁን አጣምሯል። የፖሊሱ መርማሪ፣ ረጅም ሰውዬ፣ ኤልሻዳይ እየተረጎመለት ያዳምጣል። አለልኝ ወንበር አግኝቶ ተቀምጧል። ኢብሲቱ ጠዋት በመርማሪው ፊት፣ አይዳ በሰጠችው የይለፍ ቃል፣ ማመሳከሩን አስጀምራለች። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ሊንቀሳቀስ አልፈልግ ያለ ይመስላል።

«ይኼ ቆሟል እኮ» አለ አለልኝ። «ምን አድርጋችሁት ነው? ወዲያው ነው ማለቅ የነበረበት።»

«አልቆመም» አለች ኢብሲቱ። «እያነበበ ነው። በጋሽ ክፍሌ መንገድ ነው ያስጀመርኩት።»

የአለልኝ ፊት ትንሽ ጠቆር አለ።

«እስኪያነብ ድረስ እኛ እናውራ» አለች ፀጋ። «ወይዘሮ አይዳ፣ ባለቤትዎን ኢብሲቱ አልገደለቻቸውም። አቶ ዋቁማ ቴሌቪዥናቸው ሲጠፋ ግድግዳውን መቱ። ከዚህ በኩል ሁለቴ ተመታላቸው። በዚያ ምልክት የሚነጋገሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ወዲያው ሲወጡ ኢብሲቱ መንገዱ ማዶ ጣቢያው ላይ ነበረች። እሷ ማዶ ቆማ ክፍሌ እዚህ ውስጥ ግድግዳ እየመቱ ነበር።»

ዋቁማ ያጣመረው እጁ ተፈታ። በቀስታ ወደ ግድግዳው ዞረና አየው። አይዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢብሲቱን ተመለከተቻት።

«ኢንተርኔቱ ለምን ጠፋ? ክፍሌ ራሳቸው ገመዱን ነቅለውት ነው። ያን ቀን እያመሳከሩ ነበር። አቶ አለልኝ ግን ምስሉ ከዜሮ እየተላከልኝ ነበር ብለውኛል። ያ ቢሆን ኖሮ እንደ ፊተኛው ሳምንት ኢንተርኔቱን ሁሉ ይዞ የካርድ ማሽኑን ባቆመ፣ የአቶ ዋቁማን ኳስ ባንገራገጨ ነበር። ረቡዕ ግን ኳሱ እንደ ውሃ ይፈስስ ነበር። ሥራው ቀርፋፋ፣ መንገዱ ግን ባዶ። ስለዚህ የሚላክ ነገር አልነበረም፤ ሁለቱም ማሽኖች የየራሳቸውን ፋይል እያነበቡ ውጤቱን ብቻ ይለዋወጡ ነበር። ደግሞም አቶ አለልኝ አንዴም አልተቋረጠም ብለዋል። ገመዱ ተነቅሎ ቴሌቪዥኑ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ ጠፍቶ ነበር። ማሽናቸው ፊት ቢሆኑ ኖሮ መቋረጡን ያዩ ነበር። አልነበሩም።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ አለልኝ። «ሐዘን ላይ ነኝ።»

«ሊሆን ይችላል። ክፍሌ ግን ማንም ሊነካው የማይገባው የኢገኑ ኮፒ ተለውጦ አገኙት። መጠኑ ያው ነው፣ ቀኑ ያው ነው፤ ውስጡ ግን ተፍቋል። ያን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። የእሳቸውን ኮፒ ከኢገን ሆኖ እንዳይነካባቸው ገመዱን ነቀሉ። ከዚያ ደወሉለት። ሰውየውም መኪናውን አስነስቶ መጣ።»

ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ቀይ አበራ። ኢብሲቱ ጎንበስ ብላ አየች።

«ልዩነት» አለች።

መርማሪው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። አለልኝ ከወንበሩ ተነሳ። «ሊሆን አይችልም። እኔ እኮ ራሴ...» ብሎ ቆመ።

«እርስዎ እኮ ራስዎ የኢገኑን ኮፒ እዚህኛው ላይ ገልብጠዋል» አለች ፀጋ፣ በጣም በትሕትና። «ክፍሌን ከገፉ በኋላ ዋናውን ዲስክ ወሰዱ። ገመዱን መልሰው ሰኩ። ፋይሉን ቢያጠፉት ለምን ጠፋ ይባላል፤ ስለዚህ የተፋቀው በደህናው ላይ እንዲገለበጥ አዘዙ። በክፍሌ መንገድ እንዳያደርጉት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ሬሳ ያለበት ቤት ውስጥ ያን ያህል አይቆዩም። በአጭሩ መንገድ አደረጉት። ‹ተጠናቋል› አለዎት፤ ወጥተው ሄዱ። ማሽኑ ግን የተመለከተው መጠንና ቀን ብቻ ነው። ክፍሌን ለማታለል እርስዎ ራስዎ እኩል ያደረጉት መጠንና ቀን። አንድ ናቸው ብሎ አለፈ፤ አንዲት ነገር አልገለበጠም። የክፍሌ ምስል እንደ ነበረ እዚህ አለ።»

ኢብሲቱ ልዩነቱ የወጣበትን ቦታ ከክፍሌ ምስል ላይ ከፈተችው። የጎማ ቤቱ በር፣ በረዶ፣ ሙሊሳ ሊሻገር ሲል። ብርማ መኪና መጥቶ ጣለው። ከመኪናው አለልኝ ወረደ። ጎንበስ ብሎ ሙሊሳን አየው፤ ሙሊሳ እጁን ዘረጋለት። አለልኝ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ገባና ሄደ።

ዋቁማ አንድ እርምጃ ሲራመድ ኤልሻዳይ ደረቱ ላይ እጁን አደረገ።

«መኪናው ጋራዡ ውስጥ ነው» አለች ፀጋ ለመርማሪው። «መብራቱ ተሰብሮ ይሆናል፤ ስለዚህ ነው የኪራይ የሚነዳው።»

«ለምኜዋለሁ» አለ አለልኝ፤ የሚያየው አይዳን ነበር። «ልጆች አሉኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ‹ሳላመሳክር አላስረክብም› ብቻ ነው የሚለኝ። ሸሚዙን ያዝኩት። ከዚያ ደረጃው...»

«እኔስ?» አለች ኢብሲቱ። «እኔ ልጅ የለኝም? ፈርማ ትግባ ስትል የኔ ልጅ አልታየችህም?»

መርማሪው ይዞት ወጣ። አይዳ ወደ ኢብሲቱ መጥታ ምንም ሳትል አቅፋት አለቀሰች፤ ከዚያ ተከትላቸው ሄደች። ዋቁማም በኦሮምኛ ይቅርታ ጠየቃት። ኢብሲቱ ይቅርታውን ተቀበለች ብል ውሸት ነው፤ «ለሙሊሳ ንገረው» ብቻ አለችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደ።

ኢብሲቱ ያልተፈረመበትን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ለኤልሻዳይ ሰጠችው።

«መልስላቸው።»

«እመልሳለሁ» አለ ኤልሻዳይ አፍሮ። «በቃ፣ ማሽኑን አጥፊውና ልጅሽ ጋ እንሂድ። የሚፈለገው ተገኝቷል።»

«አላለቀም። ገና ግማሹ ነው።»

«እኮ ምን ያደርግልሻል?»

«አይነካም» አለች ኢብሲቱ። «የሰው አደራ ነው። ሳላመሳክር አላስረክብም።» ወንበሩን ስባ ክፍሌ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀመጠች። ለጎረቤቷ ደውላ ፋዮን እንድታመጣላት ነገረቻት። ፀጋም ወንበር ፈልጋ አጠገቧ ተቀመጠች።

መስመሩ እንደ ወትሮው ሊንቀሳቀስ አልፈልግ ብሏል። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ በኩል ግድግዳው ተመታ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው። ኢብሲቱ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ሁለቴ መታች።